መሣሪያውን ማጥፋት፣ ነፍስ ማጥፋት

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ከአጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ሻያቸውን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማሽኑን አጥፍተው ነው የገደሏቸው አሉ» አሉኝ። ዝቅ አደረጉት እንጂ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። የሟቹ ልጅ ፊት ለፊታችን ነበር። ቀና ብሎ አየንና መልሶ አቀረቀረ። «ምን ማለትዎ ነው?» ያለ ሰው የለም፤ እኔም አላልኩም። ለቅሶ ቤት ክርክር አይገባም ብዬ ዋጥኩት። ይሄ ጽሑፍ ያን ቀን የዋጥኩት መልስ ነው። መልሱ ለሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ለሐኪሞቹም አለኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእኔ ቢጤው ልጅና ዘመድ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንለየው፤ በየቤቱ የሚሰማው ጭቅጭቅ ግማሹ ሁለት ዕቃ በአንድ ስም ከመጥራት የሚመጣ ነውና። «የልብ ባትሪ» እንላለን፣ በቃ። አንደኛው ፔስሜከር ነው፤ ልብ ሲዘገይ ባለቤቱ እንኳ የማይሰማው ትንሽ ግፊት እየሰጠ ያስኬደዋል። የመጀመሪያው በሰው ደረት ውስጥ የተቀበረው በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አርነ ላርሰን የተባለው ያ ስዊድናዊ ዕቃው እየተቀየረለት እስከ 2001 ድረስ ኖሮ፣ ከሠራለት መሐንዲስም ቀዶ ካስገባለት ሐኪምም በኋላ፣ ልቡ ሳይሆን ካንሰር ገደለው።

ሁለተኛው አይሲዲ የሚሉት ነው፤ ደረት ውስጥ የሚቀበር ዲፊብሪሌተር። ይሄኛው ዘበኛ ነው። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፣ ሽቦው ልብ ውስጥ ገብቶ ያዳምጣል። ዓመት ሙሉ ምንም ላይሠራ ይችላል። ልብ በወጉ መምታቱን ትቶ መርገብገብ ሲጀምር ግን ይነዝራል፤ በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ምቱ ይመልሰዋል። የነዘራቸው ሰዎች ፈረስ ደረታቸውን እንደረገጣቸው አድርገው ይናገራሉ። አብዛኛው አይሲዲ የፔስሜከሩንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው፦ ንዝረቱ ብቻውን ሊዘጋ ይችላል፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። መቅደድ የለበትም፣ መርፌ የለበትም። ከውጭ በኮምፒዩተር ይታዘዛል፤ በሽተኛው ምንም አይሰማውም። ንዝረቱ የተዘጋበት ሰው ልቡ በዚያች ደቂቃ ቀጥ አይልም። ቅድም ሲመታ እንደነበረው ይመታል። ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ይኖራል። የተነሣው፣ መጨረሻው ሲመጣ ከበር ላይ ቆሞ የሚማታው ዘበኛ ነው።

ይህን ዕቃ ያሰበው ሚሸል ሚሮቭስኪ የተባለ፣ ዋርሶ የተወለደ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ እስራኤል ውስጥ ሲሠራ አለቃውና መምህሩ የነበሩት ሐኪም የልብ ምት መታወክ ይዟቸው በድንገት ሞቱበት። ሰውዬው ያን ሞት አልረሳውም። አሜሪካ ባልቲሞር ሄዶ፣ ብዙ የሙያ ጓደኞቹ የማይሆን ነገር ነው እያሉት፣ ዕቃውን ሠራ፤ በ1980 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደረት ተቀበረ፤ በ1985 የአሜሪካ መንግሥት ለአገልግሎት ፈቀደው።

እኛ «ከድንገተኛ ሞት ይሰውረን» የምንል ሰዎች ነን። ድንገተኛ ሞት የሚያስፈራን ሞት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰው ሳይናዘዝ፣ ንስሐ ሳይገባ፣ ከተጣላው ሳይታረቅ፣ ዕዳውንና ብድሩን ሳይናገር ስለሚወስደው ነው። ሙስሊሙም ሸሃዳውን ሳይል መሄድን ይፈራል። በዚህ ዐይን ካየሁት የሚሮቭስኪ ዕቃ የጸሎት መልስ ነው ብል አላፍርም። ግን መልስ የሆነው ለዚያ ጸሎት ነው፤ ለድንገተኛው። ሰው ተናዝዞ፣ ቀንዲል ተቀብቶ፣ ልጆቹን መርቆ፣ ተዘጋጅቶ አልጋው ላይ ሲጠብቅ የሚመጣው ሞት ድንገተኛ አይደለም። ዕቃው ግን ይህን አያውቅም። ለእሱ ሁሉም ሞት ያው የ1960ዎቹ ሞት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አይሲዲው ሲቀበርላቸው ልባቸው ክፉኛ ደክሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሁለት የልጅ ልጅ አዩ፣ አገር ቤት ደርሰው መጡ። በስድስት ዓመት አንዴ ብቻ፣ ሱቅ ውስጥ ወተት ከፍሪጅ ሲያወጡ ነዘራቸውና ወደቁ። «በቅሎ ናት የረገጠችኝ» እያሉ ያስቁን ነበር። ስለ ዕቃው ጥቅም ልታስረዱኝ አትድከሙ፤ ከእኔ በላይ የሚያመሰግነው የለም።

በስተመጨረሻ ኩላሊታቸውም እምቢ አለ፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ሥራችን ማስታገስ ነው አሉ። ልባቸው ቢቆም ደረታቸው እንዳይደቃ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እንዳይገባ ተፈረመ። የንስሐ አባታቸው መጥተው የቀንዲሉን ጸሎት አደረሱ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም እኔን ወደ ኮሪደር ጠርታ ስለ አይሲዲው አስረዳችኝና፣ አስተርጓሚ በስልክ ላቅርብ ወይስ አንተ ለባለቤታቸው ትነግራቸዋለህ አለችኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ኩራት ነበር፤ እንግሊዝኛዬም አማርኛዬም ጥሩ ነው ብዬ። ገባሁና «እትዬ፣ የልባቸውን መሣሪያ እናጥፋው ወይ እያሉ ነው» አልኳቸው።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ነፍስ ላጥፋ? በገዛ እጄ?»

አለቀ። ሐኪሟ ቤተሰቡ አልፈቀደም ብላ ጻፈች።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነዘራቸው። ሰው መለየት ካቆሙ አንድ ቀን የሆናቸው ሰው ከፍራሹ ተነሥተው ጮሁ። እትዬ እጃቸውን ይዘው ስለነበር እሳቸውንም ጠቅ አደረጋቸው፤ ደነገጡና ለቀቋቸው። እንደገና ነዘራቸው። ሦስተኛ። ነርሷ ስልክ ትደውላለች፣ ማግኔት ከሌላ ፎቅ ይመጣል ትላለች፣ አንጠብቅም እንጠብቃለን። ከአራተኛው በኋላ ቀለበት የመሰለ ወፍራም ማግኔት መጣና በፕላስተር ደረታቸው ላይ ተለጠፈ። ማግኔት ከላዩ ሲቀመጥበት አይሲዲ መንዘሩን ያቆማል፤ ይህን ያን ሌሊት ነው ያወቅሁት። ጋሼ ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል ተንፍሰው አረፉ። እትዬ ግን እጃቸውን መልሰው አልያዙም። ፈሩ። አርባ ዓመት የያዙትን እጅ።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት የተባለውን ቃል እንመልከተው። በአማርኛ መብራት እናጠፋለን፣ እሳት እናጠፋለን፣ ገንዘብ እናጠፋለን፣ ነፍስ እናጠፋለን። «ጥፋት» ስንል በደል ማለታችን ነው፤ «አጥፍቻለሁ» ብለን ነው ይቅርታ የምንጠይቀው። «መሣሪያ»ም ቢሆን፣ አጎትህ መሣሪያ አላቸው ቢባል ስንታችን ነን የልብ ዕቃ የምናስብ? እንግዲህ አንዲት የሰባ ዓመት ሴት በባላቸው አልጋ አጠገብ ቆመው «መሣሪያውን እናጥፋው ወይ» ሲባሉ የሰሙት ቋንቋው የሚለውን ነው። የተሳሳቱት እሳቸው አይደሉም። ከእንግሊዝኛው ቃል ለቃል ገልብጬ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

አርባው ከወጣ በኋላ በሌላ አፍ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ያን ቀን ሐኪሟ ያለችው፣ ነፍሳቸው ስትወጣ ዕቃው እንዳይነዝራቸው እናድርግ ወይ ነበር» አልኳቸው። የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። «ታዲያ እንደሱ ብለህ አትነግረኝም ኖሯል?»

ሰውዬው ግን የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም ሊሉኝ ይችላሉ። ሰው ያመጣውን ነፍስ ሰው አይወስድም፣ ጊዜውን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፣ አትንኩ። እሺ። ግን ጊዜውን የሚያውቀው ፈጣሪ ከሆነ፣ ጊዜው ሲደርስ በኤሌክትሪክ አራት ጊዜ መልሶ የሚጎትተው ማን ነው? ዕቃውን ያስገባው ሰው ነው። ያስገባው ሰው ከሆነ፣ ሥራውን ሲጨርስ ማሳረፍም የሰው ሥራ ነው። «አትንኩ» ማለት የሚቻለው ምንም ባልተነካ ደረት ላይ ነው። የጋሼ ደረት ከተነካ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ ግን ልቡ ሲቆም ደረቱ እንዳይደቃ የፈቀደ ቤተሰብና የንስሐ አባት፣ ያንኑ ድቂያ ከውስጥ ሆኖ የሚሠራ ዕቃ ሲነሣ «ገደላችሁ» የሚልበት መንገድ አይታየኝም። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። አንደኛው በእጅ ነው፣ ሌላው በሽቦ።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው አልፈልግም ያለውን ሕክምና፣ የተጀመረም ቢሆን፣ ማስቆም ይችላል። በ2010 የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ባወጣው መግለጫ፣ የተቀበረን የልብ ዕቃ በበሽተኛው ፈቃድ ማቆም መግደልም አይደለም፣ ራስን በማጥፋት መርዳትም አይደለም ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ሕሊናዬ አይፈቅድም ያለ ሐኪም አይገደድም፤ ግን በሽተኛውን ለሌላ ሐኪም ማስተላለፍ አለበት። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በ2005 የወጣው የሟች በሽተኞች ሕግ ይመለከታቸዋል። ያ ሕግ ከሃይማኖት ጋር ብዙ የታገለ ሕግ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሠራን ማሽን መንቀል ይከለክላል፣ እየተቆራረጠ የሚሰጠውን ግን፣ እንደ ዲያሊሲስ ያለውን፣ በሽተኛው ካልፈለገ ቀጣዩን ዙር አለመጀመርን ይፈቅዳል። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በእኔ ንባብ ግን እያንዳንዱ ንዝረት ራሱን የቻለ ዙር ነው።

ወደ ሐኪሞቹ ልምጣ። ያቺን ወጣት ሐኪም አልወቅስም፤ ቢያንስ ጠይቃለች። የምወቅሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ያልተጠየቀውን ነው። ጋሼ በየጊዜው ዕቃቸውን ያስፈትሹ ነበር፤ ባትሪው ይህን ያህል ቀረው፣ ሽቦው ደህና ነው፣ ደህና ይሁኑ። አንድም ቀን «ሌላ በሽታ ሲበረታብዎት ይህ ዕቃ እንዲነዝርዎት ይፈልጋሉ?» ያላቸው የለም። የእሳቸው ብቻ ነው እንዳልል፣ በ2004 አሜሪካ ውስጥ አይሲዲ ይዘው የሞቱ የ100 ሰዎች ዘመዶች ተጠይቀው፣ ሐኪም ስለ ማስቆም አነጋግሮናል ያሉት 27 ብቻ ነበሩ፤ ያም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት። ስምንቱ ሟቾች ሊሞቱ ደቂቃዎች ሲቀሩ ተነዝረዋል። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሆስፒስ ቤቶችን ጠየቀ፣ ሥራቸው ሰውን በሰላም ማሳረፍ የሆነውን ማለት ነው። 58 በመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ የተነዘረ በሽተኛ ነበረን አሉ፤ ስለ ጉዳዩ የጽሑፍ መመሪያ የነበራቸው 10 በመቶው ነበሩ። የስዊድኖቹን ሳነብ ግን መጽሔቱን ዘጋሁት። ከሟቾች ደረት ዕቃውን አውጥተው መዝገቡን አነበቡ፣ ምክንያቱም አይሲዲ የሠራውን ሁሉ ይመዘግባል። 31 በመቶው በመጨረሻው ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ተነዝረዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ልቡ ቢቆም አትመልሱት» የሚል ትእዛዝ ነበራቸው፤ እንዲህ የተጻፈላቸው ሰዎች 65 በመቶው ላይ ሊሞቱ አንድ ቀን ሲቀር ዕቃው አልተዘጋም ነበር። ወረቀቱ አትመልሱት ይላል፣ ደረታቸው ውስጥ ያለው ይመልሳል።

እንግዲህ ማነው የወሰነው? ያልጠየቀውም ወስኗል። ዝም ያለ ሐኪም «ይነዘር» ብሎ እንደፈረመ ይቆጠር።

ከእኛ ከልጆቹ ደግሞ ይብሳል። እኛ ሕመም የምንነግረው ለበሽተኛው አይደለም። ካንሰር ቢገኝ ለእናት አይነገርም፣ ለታላቅ ወንድም ይነገራል፤ ታላቅ ወንድም ለአክስት፣ አክስት ለጎረቤት፣ መጨረሻ የሚሰሙት እናት ናቸው፤ እሳቸውም ቀድመው ያወቁት ነገር ነው፣ ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብለው ዝም ያሉት። ይሄ ፍቅር እንደሆነ አልክድም። ግን በዚህ ጉዳይ ዋጋው ውድ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄውን መመለስ የሚችለው ልቡን የያዘው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሲጠየቅ መናገር የሚችል ከሆነ። መኪና ለመሸጥ ውክልና እንሰጣለን። አዲስ አበባ ላለ ቦታ ውክልና ልከን ስልክ ስንደውል እናድራለን። ለሕክምናችን ውክልና ስጡ ሲባል ግን «አታሟርት»። ጋሼን ሱቅ ውስጥ ከነዘራቸው ማግስት፣ ቡና ላይ፣ እየሳቁ በነበረ ጊዜ ብጠይቃቸው ኖሮ እትዬ ያን ሌሊት ምንም አይወስኑም ነበር። «አልጋ ሳልይዝ ውሰደኝ» ሲሉ መቶ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። መልሱን ሰጥተውኝ ነበር፤ ጥያቄውን አላገናኘሁትም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቆጣ። «አገር ቤት ልጆች በቶንሲል ልባቸው ተበላሽቶ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ይህን ዕቃ ሕልማቸው ላይ አያዩትም። እናንተ ያገኛችሁትን አጥፉ ትላላችሁ» አለኝ። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን ለእነዚያ ልጆች የጋሼ አራተኛ ንዝረት ምን ይጠቅማቸዋል? ያለመኖሩ በደል ነው ማለት፣ ያለመቆሙን በደል ትክክል አያደርገውም።

የሚከብደውን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። እስካሁን ያልኩት ስለ ንዝረቱ ነው። የፔስሜከሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ልቡ ሙሉ በሙሉ በፔስሜከር የሚመታ ሰው ዕቃው ቢቆም በደቂቃዎች ሊሞት ይችላል። ሐኪሞቹ በመርህ ደረጃ ልዩነት የለውም ይላሉ፤ ሕክምና ሕክምና ነው። እኔ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ኬቲ በትለር የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለ አባቷ ጽፋለች፤ በስትሮክ የተመቱት አባቷ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲባል ፔስሜከር ገባላቸው፣ አእምሯቸው ከሄደ በኋላም ልባቸው ዓመታት ቀጠለ። ሚስታቸው አስቁሙልኝ ብለው ቢጠይቁም ሐኪሙ እምቢ አለ። ያን ሳነብ የሴትየዋም ድካም የሐኪሙም ፍርሃት ገብቶኛል፤ የትኛው ልክ ነው ብባል ዛሬም ቶሎ አልመልስም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥያቄው አይደርስም፤ በሞት አፋፍ ያለ የልብ ጡንቻ ለፔስሜከር ግፊት መልስ መስጠት ያቆማልና፣ ዕቃው እየሠራም ሰውዬው ያርፋል። ስለዚህ የፔስሜከሩ ክብደት የአይሲዲውን ቀላል ጥያቄ ላለመመለስ መደበቂያ አይሁን። እትዬን ያስፈራቸው የፔስሜከሩ ፍርሃት ነው፤ የተጠየቁት ስለ ሌላው ነበር።

ባትሪው ሲያልቅ መጠየቅ ይቻላል። አይሲዲ ለዘላለም አይሠራም፤ በዓመታት ባትሪው ያልቅና ሣጥኑ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ «እንለውጠው» ብቻ ሳይሆን «እንለውጠው ወይ?» ማለት ያባት ነው። አገሬ ገብቼ ልሙት ብሎ የሚመለስ ሰው ካለ ደግሞ ሳይሳፈር በፊት ይጠየቅ፤ ዕቃውን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር እንደየፋብሪካው ይለያያል፣ እዚያ ሲደርስ የሚያዝዝለት ላይገኝ ይችላል። ማግኔት ግን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የሠለጠነውን ጥሩ፣ እንደኔ አትኩሩ። ቃሉንም ተዉት፤ «ማጥፋት» አትበሉ። «ነፍስ ስትወጣ እንዳይነዝር እናድርግ?» በሉ። በአማርኛ ይቻላል፣ እትዬ ሰምተውታል።

ለቅሶ ቤት አቀርቅሮ ለነበረው ልጅ ከወር በኋላ ደወልኩለት። ያን ቀን ባለመናገሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት ራሳቸው ለሐኪማቸው ተናግረው፣ በእጃቸው ፈርመው ወረቀቱን ለእሱ ሰጥተውት እንደነበር ነገረኝ። ለምን ለሰዎቹ አልተናገርክም አልኩት።

«ለቅሶ ቤት ወረቀት ይዤ ልዙር?» አለኝ።